ጦርነት ትምህርቷን ያቋረጠባት ልጅ፦ ስለ ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ እንወያይ

መምህር ከፍኖተ ሰላም

ጤና ይስጥልኝ፣ የአገሬ ልጆች። ስለ ንጎዚ ኦኮንጆ-ኢዌላ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ሹመቷ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅትን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም አፍሪካዊት። ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት እዚያ እስክትደርስ የሠራችውን ሥራ ነው። እዚህ ጎጃም ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት የተቀመጡ ሴት ልጆች አሉን። ይሄ ታሪክ እነሱን ይመለከታቸዋል ብዬ ስለማምን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የተወለደችው በ1954 ነው፣ ናይጄሪያ፣ ኦግዋሺ-ኡኩ በምትባል ከተማ። ወላጆቿ ለትምህርት ጀርመን ስለሄዱ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ያሳደገቻት አያቷ ናት። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ከአያቷ ጋር እርሻ ትወርዳለች። ይሄ ለጎጃም ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚያ የቢያፍራ ጦርነት መጣ፣ ከ1967 እስከ 1970። ትምህርቷ ተቋረጠ። ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ አጣ። በቀን አንዴ በልቶ ማደር ሆነ።

በዚያ ጊዜ የሦስት ዓመት እህቷ በወባ ታመመች። እናቷም ታማ ተኝታለች፣ አባቷ ቤት የለም። ንጎዚ ሕፃኗን አዝላ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄደች። ክሊኒኩ ስትደርስ በሩ ላይ ያለው ሕዝብ ለጉድ ነው። በሰው እግር መሃል ሾልካ በመስኮት ገባች። ሐኪሟ የወባ መርፌ ወጋቻት፣ ፈሳሽም ተሰጣት፣ ልጅቷ ተረፈች። ያኔ ንጎዚ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። ይሄን ራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ትምህርቷን ቀጠለች። በ1973 ሃርቫርድ ገባች፣ በ1976 በኢኮኖሚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። በ1981 ከኤምአይቲ ዶክትሬቷን ያዘች። የዶክትሬት ጥናቷ ስለ ምን ነበር? ስለ ገጠር ብድርና ስለ ናይጄሪያ ግብርና። እኛ አገር ቀድሞ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የምንለው፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም የሚሠራበትን ጉዳይ ማለት ነው። ገበሬው ለዘርና ለማዳበሪያ ብር የሚያገኘው ከየት ነው? በስንት ወለድ? ሲዘራ ብድር፣ ሲያጭድ ዕዳ የሚሆንበት ለምንድን ነው? የጀመረችው ከዚህ ነው።

ከዚያ ዓለም ባንክ ገባች። በጠቅላላው 25 ዓመት ሠርታለች፣ በኋላም ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ካሉት ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዷ ሆናለች። በ2012 ለፕሬዚዳንትነቱ ተወዳድራ ነበር። ቦታው እንደ ልማዱ አሜሪካ ላቀረበችው ዕጩ ተሰጠ።

በመሃል ግን አገሯ ጠራቻት። በ2003 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነች፣ ለናይጄሪያ የመጀመሪያዋ ሴት። ለእኔ የሥራዋ ልብ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ነገር ልጥቀስ።

አንደኛ፣ በ2004 መጀመሪያ የፌዴራል መንግሥቱ፣ እያንዳንዱ ክልልና የአካባቢ አስተዳደር በየወሩ ከማዕከል የሚደርሰው ብር በጋዜጣ እንዲታተም አደረገች። እስቲ አስቡት። ትምህርት ቤቱ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ለወረዳው በዚያ ወር ስንት ብር እንደተላከለት በዓይኑ ያነባል። «በጀት የለም» የሚል ኃላፊ ፊቱን የት ያዞራል?

ሁለተኛ፣ የነዳጅ ዋጋ ሲወጣ የሚገኘው ትርፍ ሁሉ እንዳይበላ፣ በጀቱ ከገበያው ዝቅ ባለ ዋጋ እንዲሰላና ልዩነቱ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሆነ። ገበሬ በጥጋብ ዘመን ጎተራውን እንደሚሞላው ነው። በ2008 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ያ የተቀመጠ ገንዘብ አገሪቱን ደግፏታል።

ሦስተኛው ዕዳው ነው። ናይጄሪያ የፓሪስ ክለብ ለሚባለው የአበዳሪ መንግሥታት ስብስብ ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ነበረባት። ብዙው ዋናው ብድር አልነበረም፣ ሳይከፈል የተከማቸ ወለድና ቅጣት ነው። በ2005 በተደረሰው ስምምነት 18 ቢሊዮኑ ተሰረዘ፣ 12 ቢሊዮኑ ተከፈለ። በ2006 ያ ዕዳ ተዘጋ።

በመጋቢት 2021 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆና ጄኔቫ ገባች። ስለዚያ እናንተ ጨምሩበት። እኔ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው፦ ከዚህች ሴት ሥራ ለልጆቻችን የሚሆነው የትኛው ነው?

የእነማይ ልጅ

መምህር፣ እጅዎ ይባረክ። የእህቷን ታሪክ አላውቀውም ነበር።

ቢቸና ገበያ

እኔ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሴትየዋን አከብራታለሁ። ግን በግልጽ ልናገር። የዓለም ንግድ ድርጅት ለቢቸና ጤፍ አምራች ምን አደረገለት? ገበሬው ማኛውን ጭኖ ገበያ ሲወርድ ዋጋውን የሚቆርጥለት ነጋዴው ነው። ጆንያው ሲመዘን ተገፍቶ ቆሞ ያያል። ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 ታግዷል፣ ባሕር የሚሻገረው እንጀራው ነው። እና ጄኔቫ የተቀመጠ ሰው አፍሪካዊ ሆነ ፈረንጅ፣ ሴት ሆነ ወንድ፣ እኛ ጋ ምን ለወጠ?

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፣ ንጎዚ ሚኒስትር በሆነችበት ዓመት መሆኑ ነው። እሷ ሚኒስትር ሆና፣ ወርዳ፣ ዳግም ሆና፣ ዳይሬክተር ስትሆንም እኛ ገና ድርድር ላይ ነበርን።

ጮቄ ሥር

ቢቸና ገበያ፣ ጥያቄህ ልክ ነው፣ አድራሻው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ንግድ ነክ ሕግ ስላጠናሁ ትንሽ ልበል።

የዚያ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር እንደ ሚኒስትር አታዝም። 166 አባል አገሮች አሉ፣ ውሳኔ የሚያልፈው በስምምነት ነው። አንዱ እምቢ ካለ ቆመ። የራሷ ሹመት ምስክር ነው። ስምንት ዕጩዎች ነበሩ። በመጨረሻ የቀሩት ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ እሷና ኮሪያዊቷ ዩ ሚዮንግ-ሂ። በጥቅምት 2020 ብዙዎቹ አባላት የደገፉት እሷን እንደሆነ ታወቀ። አሜሪካ ብቻዋን አልቀበልም አለች። ወራት አለፉ። የአሜሪካ መንግሥት ሲቀየርና ዩ ራሷን ስታገልል ነው በየካቲት 15፣ 2021 የጸደቀላት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሥራው ማግባባት ነው። አንዱን ቢሮ ለብቻ ማናገር፣ ሌላውን ማለዘብ፣ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ። በሰኔ 2022 ጄኔቫ ላይ የሚኒስትሮች ጉባኤ ከተያዘለት ቀን አልፎ ሊነጋ ሲል ነው ውጤት የወጣው። የእኛ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይለይም።

የገበያው ጆንያ ጉዳይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው። አባል መሆን የሚጠቅመን ሌላ ቦታ ላይ ነው። አጎዋን አስታውሱ። አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሰጠችን ዕድል ነበር፣ በጥር 2022 ወሰደችው። ስጦታ ሲነሳ አባል ብትሆንም አቤት ማለት ይከብዳል። በመደበኛው ንግድ ግን አባል ከሆንክ ቢያንስ አባላቱ ከሌላው ለይተው እንዳይጎዱህ መብት አለህ፣ ክስም ማቅረብ ትችላለህ። እርግጥ የይግባኝ አካሉ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ዳኛ ስላልተሾመለት ሥራ አቁሟል። ይሄ የንጎዚም ትልቁ ያልተፈታ ራስ ምታት ነው። ቢሆንም ደጅ ከመቆም ይሻላል ባይ ነኝ።

ማርቆስ ባንክ ቤት

እኔ ዕዳው ላይ ልቆይ። መምህር በአንድ አንቀጽ አለፉት፣ ለእኛ ግን ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 የዩሮ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ቦንዱ በ2014 ለውጭ ገዥዎች የተሸጠ የ1 ቢሊዮን ዶላር የብድር ሰነድ ነው። ከዚያ የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ተጀመረ፣ በመጋቢት 2025 ከአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር በመርህ ደረጃ ስምምነት ተደረሰ። እና ሰው ሁሉ «ናይጄሪያ ተሰርዞላት የለ፣ ለእኛስ ለምን አይሰረዝም?» ይላል። ባንክ ቤት ተቀምጬ በየቀኑ የምሰማው ነው።

ልዩነቱን ልንገራችሁ። ናይጄሪያ ነዳጅ ነበራት። 12 ቢሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብ ቆጥራ መክፈል ችላለች፣ ያውም ዋጋው በወጣበት ጊዜ። እኛ ቡና፣ ወርቅ፣ ሰሊጥና አበባ ሸጠን የምናገኘው ምንዛሪ ለነዳጅና ለማዳበሪያ እንኳ ሲቸግረው ኖሯል። ደግሞ ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት በዋናነት የፓሪስ ክለብ መንግሥታት ናቸው። የእኛ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። ቦንድ የገዙት የግል አበዳሪዎች ደግሞ ለብቻቸው ነው የሚደራደሩት። አንዱ ሌላው የበለጠ እንዳያገኝ ይጠባበቃል።

ይሄን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የእሷን ሥራ በደንብ ካያችሁት ስረዛው የመጣው በልመና ብቻ አይደለም። መጀመሪያ አገሪቱ የራሷን የማሻሻያ ዕቅድ አወጣች። የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ብድር ሳትወስድ፣ ዕቅዱን ብቻ እንዲመረምርና እንዲመሰክር አደረገች። የነዳጁ ትርፍ በሒሳብ ተቀምጦ ታየ። የየክልሉ ድርሻ በጋዜጣ ወጣ። አበዳሪው «ብሰርዝላችሁ ገንዘቡ የት ይገባል?» ሲል የሚታይ ሒሳብ ነበራት። በ2006 ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የብድር ብቃት ደረጃ ያገኘችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሒሳቡን ያልገለጠ ተበዳሪ፣ አገርም ሆነ ነጋዴ፣ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ይሄን ከመሥሪያ ቤቴ አውቀዋለሁ።

ዳንግላ ጤና ጣቢያ

ስለ ንጎዚ ስታወሩ ጋቪን ረሳችሁት። ከ2016 እስከ 2020 የክትባት ጥምረቱ የጋቪ ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ። ጋቪ ማለት ለድሃ አገሮች ክትባት በጅምላ በቅናሽ እንዲገዛ የሚያደርግ ድርጅት ነው። በእኛ አገር የአምስቱ በሽታዎች ክትባት በ2007፣ የሳንባ ምች በ2011፣ የሮታው ተቅማጥ በ2013 የገባው በእሱ ድጋፍ ነው። በ2018 መጨረሻ ደግሞ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያው ተጀመረ፣ ያ በእሳቸው ዘመን ነው።

ይሄ ኢኮኖሚክስ ነው ወይ ብትሉኝ አዎ ነው እላለሁ። ገጠር ስንወጣ የክትባት ሣጥኑን ትከሻችን ላይ አንግተን ነው። ብልቃጡ ላይ ትንሽ ክብ አለች፣ በመሃሏ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን። ሙቀት ሲነካው አራት ማዕዘኑ እየጠቆረ ይሄዳል። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ክትባቱ ይጣላል። በረዶው ከቀለጠ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ መብራት ከጠፋ፣ ያቺ ምልክት ትጠቁራለች። ያ ብልቃጥ በስንት ይገዛ፣ ማን ይክፈል፣ ለየትኛው አገር ይድረስ የሚለውን የሚወስኑት እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ከዚህ ጫፍ ያለሁ ነርስ ነኝ። ከላይ የተወሰነው እናት ጡት ላይ ያለ ልጅ ጭን ላይ ሲደርስ አያለሁ።

የጣና ዳር

የዓለም ንግድ ድርጅት ስለ ዓሣ ስምምነት አውጥቷል ሲባል ሰምቼ ነበር። ጣናን ይመለከታል? እዚህ ቀጭን የላስቲክ መረብ ሐይቁን እየጨረሰው ነው። ቀረሶው ገና ሳያድግ ይወጣል። እምቦጩ በሌላ በኩል ይዞታል።

ጮቄ ሥር

የጣና ዳር፣ በቀጥታ አይመለከትም። ያ የ2022 ስምምነት የሚያወራው ባሕር ላይ ስለሚያዝ ዓሣ ነው። መንግሥታት ለሕገ ወጥ አጥማጆችና ክምችቱ ላለቀ ዓሣ ለሚያሰግሩ መርከቦች የሚሰጡትን ድጎማ ይከለክላል። ሐይቅና ወንዝ አልተካተተም። በሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2025 ነው፣ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው እስኪያጸድቀው ከሦስት ዓመት በላይ ወስዷል። ድርድሩ የተጀመረው በ2001 መሆኑን ስታስበው ግን ከ20 ዓመት በላይ ሲንከባለል የኖረ ነገር ነው በእሷ ጊዜ የተቋጨው። የጣናው መረብ የክልሉና የአጥማጆቹ ማኅበራት ጉዳይ ነው። ያሳስበኛል፣ ለብቻው ውይይት ክፈትበት፣ እኔም እመጣለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ

ወገኖቼ፣ ሴት ልጅ ከወንዶች ጉባኤ መሃል ተቀምጣ ስታስተምር ጎጃም አዲስ አይደለም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔ ተምረው፣ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ አስነግረዋል። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ኮቸሮውን ይዞ በእሳቸው እግር ሥር ነበር የሚቀመጠው። ለልጆቻችን ስንነግር የናይጄሪያዋንም የኛዋንም አንድ ላይ እንንገር።

ቢቸና ገበያ

ጮቄ ሥር፣ አግባብተኸኛል፣ በግማሽ። የአጎዋውን ምሳሌ ተቀብዬዋለሁ። ግን መምህር አንድ ነገር አላነሱም። በጥር 2012፣ ሁለተኛ ጊዜ ሚኒስትር ሆና ሳለ፣ የነዳጅ ድጎማ በአንድ ጀንበር ተነሳ። ቤንዚን ከ65 ናይራ ወደ 141 ገደማ ዘለለ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ የሞቱም አሉ። መንግሥት አፈግፍጎ 97 አደረገው። እኛም ድጎማ ሲነሳ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ከማርቆስ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የሚከፍለውን ጠይቁት። ይሄም የሥራዋ አካል ነው፣ አይዘለልም።

መምህር ከፍኖተ ሰላም

አይዘለልም፣ ደግ አነሳኸው። እኔም እንዳንተ ነው የማየው፣ ያ ውሳኔ ሰውን ሳያዘጋጅ የመጣ ነው። ድጎማው ብዙ ብር ይበላ እንደነበር እውነት ነው። ለደሃው ግን ከመንግሥት የሚያገኘው የሚታይ ጥቅም እሱ ብቻ ነበር። ምትኩን ሳታሳየው ያለውን ስትወስድበት እንዴት ያምንሃል? በጋዜጣው ሥራ ሒሳቡን ለሕዝብ የገለጠችው ሴት እዚህ ላይም አስቀድማ ልትገልጠው ይገባ ነበር።

ግን የታሪኩን ሌላ ወገንም አብረን እንይ። ድጎማው ላይ ያላስገቡትን ነዳጅ አስገባን ብለው ብር የሚቀበሉ ነጋዴዎች ነበሩ። ሰነዱ ተመርምሮ ያልተረጋገጠው ክፍያ እንዲያዝ ተደረገ። በታኅሣሥ 2012 እናቷ ከቤታቸው ተጠለፉ። በ80ዎቹ ዕድሜ ያሉ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ናቸው። ጠላፊዎቹ ልጅሽ በቴሌቪዥን ወጥታ ሥልጣን ትልቀቅ ይሉ እንደነበር ንጎዚ ተናግራለች። አምስት ቀን። አልለቀቀችም። እናቷም በሕይወት ተመለሱ።

እኔ እናቴ ተይዛ እንዲህ መጽናት የምችል አይመስለኝም። ስለዚህ ስፈርድባት በልኩ ነው። በድጎማው አጠፋች እላለሁ፣ በዚህኛው ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የክፍያ ሰነድ ለማንም ብላ አልፈረመችም። የሁለተኛው የዳይሬክተርነት ዘመኗም በመስከረም 2025 ጀምሯል፣ ያውም ትልልቆቹ አገሮች ቀረጥ በቀረጥ ላይ በሚጭኑበት ወቅት።

እናት ከደንበጫ

መምህር፣ ሁሉንም አነበብኩት። ልጄ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። ጎበዝ ነበረች፣ አሁን ጠላ ጠመቃና የቤት ሥራ ላይ ናት። ስለዚህች ሴት ነገርኳት። «እሷ ሃርቫርድ የገባችው አባትና እናቷ ፕሮፌሰር ስለሆኑ ነው» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

መምህር ከፍኖተ ሰላም

እናቴ፣ ልጅዎ ያለችው እውነት ነው፣ አይከራከሯት። የተማሩ ወላጆች ነበሯት፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጦርነቱ ፕሮፌሰሩንም ገበሬውንም እኩል ነው ያስራበው፣ ትምህርት ቤቱም ለሁሉም ነው የተዘጋው። ሲከፈት ካቆመችበት ቀጠለች። ከልጅዎ ጋር የሚያገናኛት ይሄ ነው።

አሁን የሚሆነውን ልንገርዎ። ኢኮኖሚክስ ለማጥናት የሚያስፈልጋት ሒሳብ ነው። እንግሊዝኛውም አለ፣ እሱ ግን እያነበቡ ይመጣል። ሒሳብ ሲቋረጥ ነው የሚጠፋው። በቀን ሰዓት ባታገኝ ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ከሥራ በኋላ። ከአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ካቆመችበት ምዕራፍ ሁለት ወደ ኋላ ተመልሳ ትጀምር። ጠላውንም ትጻፈው፦ ጌሾው ስንት፣ ብቅሉ ስንት፣ እንጨቱ ስንት፣ የተሸጠው ስንት፣ የራሷን ጉልበት በቀን ስንት ታስበዋለች። በወሩ መጨረሻ ትርፉን ታውጣ። ይሄ የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፣ ክፍል ውስጥ ከማስተምረው የተሻለ። ያልገባትን ጥያቄ በስልክ ፎቶ አንስታ እዚህ ትለጥፍ፣ እመልስላታለሁ።

ማርቆስ ባንክ ቤት

እኔም አለሁ፣ ወለድና ፐርሰንት ያለበትን ለእኔ ተዉት።

የእነማይ ልጅ

የታናሽ እህቴ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ከነመልመጃ ደብተሯ ቤት ተቀምጧል። እናት ከደንበጫ፣ መንገዱ ሲከፈት በአውቶቡስ ሹፌር እልከዋለሁ። መናኸሪያ የሚቀበል ሰው ካለ ንገሩኝ።

እናት ከደንበጫ

እኔው ራሴ ወጥቼ እቀበላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ። ደብተሩን ዛሬ ገዝታለች፣ የጌሾውን ዋጋ ጽፋለች።